እንቅርት፣ አሞሌና ጽንስ፦ የደጋው አገር የጨው ታሪክ

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላል ያገራችን ሰው፣ መከራ በመከራ ላይ ሲደረብበት። ሰው ለማያውቀው በሽታ ተረት አያወጣም። እንቅርት በዘመድ፣ በጎረቤት፣ በገበያም ላይ ይታይ ስለነበር ነው ተረቱ ማብራሪያ ሳያስፈልገው ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር የኖረው። በሐሙሲትም ሆነ ወደ ላይ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጉና ሥር ሲወጣ አንገታቸው ያበጠ እናቶች ነጠላቸውን ከፍ አድርገው ሲሄዱ ማየት ብርቅ አልነበረም።

የእናቶቻችን የአንገት ንቅሳትም ከዚሁ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ዛሬ ወጣቶቻችን ንቅሳቱን ለጌጥ ብቻ የተደረገ አድርገው ያዩታል። ጌጥነቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን በብዙ ቦታ አንገት ላይ የሚነቀሰው እንቅርት እንዳይወጣ፣ የወጣውም እንዳያድግ ነው ተብሎ ይታመንበት ነበር። ሌላ መፍትሔ በሌለበት ዘመን መርፌና ጥላሸት መድኃኒት ሆነው አገልግለዋል። በዚህ ልንስቅ አይገባም። የአውሮፓ ሐኪሞችም ከ200 ዓመት በፊት ለእንቅርት የነበራቸው ዕውቀት ከዚያ ብዙ የራቀ አልነበረም።

ውድ የማኅበራችን አባላትና ደጋፊዎች፣ በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ግን አንገት ላይ የሚታየውን ብቻ አይደለም። ከእንቅርቱ የከፋው ጉዳት የሚደርሰው በማይታይ ቦታ፣ ገና ባልተወለደ ልጅ አንጎል ላይ ነው። ያንን ጉዳት ያበዛውም የቀነሰውም የጨው መንገድ ነው። ጨው ከየት መጣ? በማን እጅ አለፈ? ምን ተጨመረበት? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በየዘመኑ ሲለዋወጥ የልጆቻችን ዕድልም አብሮ ተለዋውጧል።

አስቀድሜ ስለ በሽታው ጥቂት ልበል። እንቅርት የሚወጣው በጉሮሮ ፊት ለፊት በምትገኝ፣ የቢራቢሮ ቅርጽ ባላት፣ ታይሮይድ በምትባል ዕጢ ላይ ነው። ይህች ዕጢ ሁለት ዋና ሆርሞኖችን ትሠራለች። የአንዱ ቅንጣት በውስጡ አራት የአዮዲን አተሞች፣ የሌላው ደግሞ ሦስት አሉት። ጤፍ ከሌለ የጤፍ እንጀራ እንደማይጋገር ሁሉ አዮዲን ከሌለ እነዚህ ሆርሞኖች አይሠሩም። ከአንጎል ሥር ያለች ፒቱታሪ የተባለች ሌላ ዕጢ በበኩሏ በደም ውስጥ ያለውን መጠን ትከታተላለች። ሲያንስ ለታይሮይድ «ጨምሪ» የሚል መልእክት የሚያደርስ ሆርሞን ትልካለች፤ ሲበቃ ደግሞ ትቀንሳለች። አዮዲን በሌለበት ግን ትእዛዙ በየቀኑ ይመጣል፣ ዕጢዋ ያላትን ለመሥራት ትለፋለች፣ ስትለፋም ታድጋለች። እንቅርት ማለት እንግዲህ ያለ ግብዓት ሥራ የበዛባት ዕጢ ማለት ነው። (ሥራ በዝቶባት ግብዓት ያጣች ሴት ለማኅበራችን አባላት እንግዳ አይደለችም።)

የሚያስፈልገው አዮዲን እጅግ ጥቂት ነው። አንድ አዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም ይበቃዋል፤ ይህ በ70 ዓመት ዕድሜ ቢደመር 4 ግራም አይሞላም። ለነፍሰ ጡር የዓለም ጤና ድርጅት 250 ማይክሮግራም ይመክራል፤ ምክንያቱም የእናት ዕጢ በእርግዝና ጊዜ ከወትሮው በግማሽ ያህል አብዝታ መሥራት አለባት። ጽንሱ የራሱ ታይሮይድ አዮዲን መሰብሰብ የሚጀምረው ሦስተኛው ወር አካባቢ ሲሆን የሚረባ መጠን ያለው ሆርሞን የሚሠራው ግን እርግዝናው ወደ እኩሌታው ሲደርስ ነው። እስከዚያ ድረስ ያለው ሆርሞን በሙሉ ከእናት የሚመጣ ነው። የአንጎል ሕዋሳት ተባዝተው ወደየቦታቸው መሄድ የሚጀምሩትም በዚያው ጊዜ ነው። ሕዋሳቱ ለሥራቸው የእናትን ሆርሞን ይጠብቃሉ፤ ካልደረሰ ጊዜው ያልፋል፣ ያለፈው ደግሞ በኋላ በመድኃኒት ተመልሶ አይሞላም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ብዙዎቻችን መፀነሳችንን የምናረጋግጠው ሁለተኛው ወር ካለፈ በኋላ ነው፤ ጤና ጣቢያ የምንሄደውም ከዚያ ዘግይተን ነው። ለጽንሱ አንጎል የሚያስፈልገው አዮዲን ግን ከፅንሱ በፊት በእናትየዋ ሰውነት ውስጥ መኖር ነበረበት።

እጥረቱ ሲከፋ ጽንስ ይጨነግፋል፣ ልጅ ሞቶ ይወለዳል፣ ወይም መስማትና መናገር የማይችል፣ ቁመቱ ያጠረ፣ አእምሮው ያልዳበረ ሆኖ ይወለዳል። መጠነኛ ሲሆን ደግሞ ልጁ ጤነኛ ይመስላል፤ ትምህርት ቤት ገብቶ ፊደል ሲከብደው ግን «ሰነፍ» ይባላል። በየመንደሩ «የእግዜር ቁጣ ነው»፣ «የእናቱ ጥፋት ነው» እየተባለ የኖረው ብዙ ነገር ከዚህ የመጣ ነበር። እናቶቻችን ባላወቁት ነገር ወቀሳውን ተሸክመው ኖረዋል።

ደጋው ለምን እንደተጎዳም ምክንያት አለው። በምድር ላይ ያለው አዮዲን አብዛኛው በባሕር ውስጥ ነው። ከፍ ባለ ተዳፋት አገር ለብዙ ሺህ ዓመታት የወረደ ዝናብ አፈሩን እያጠበ አዮዲኑን በወንዞች ይወስደዋል። በዚያ አፈር ላይ የበቀለው ጤፍ፣ ገብስና ድንችም አዮዲን ያጣል፤ ሣሩን የበላችው ላምና ወተቷም እንዲሁ። ጣና ቅርባችን ነውና ዓሣ አለን የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን የጣፋጭ ውኃ ዓሣ አዮዲኑ ከባሕር ዓሣ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ጎመንና ዘንጋዳን የመሰሉ እህሎች የዕጢዋን ሥራ ያውካሉ የሚባለውም በከፊል ልክ ነው። በሱዳን ዳርፉር የተጠና ማሽላ መሰል እህል ይህን አሳይቷል። ሆኖም አዮዲን በበቂ ለሚያገኝ ሰው ይህ ስጋት አይሆንም፤ በጾም ጎመናችንን መተው አያስፈልገንም።

ከማሳው ካልመጣ አዮዲን ከውጭ መምጣት ነበረበት። ከውጭ ወደ ደጋ ቤት ሁሉ የሚገባው አንድ ነገር ደግሞ ጨው ነው። ድሃም ሀብታምም፣ በጾምም በፍስክም ያለ ጨው አይበላም።

የጥንቱ ጨዋችን አሞሌ ነበር። በአፋር ዝቅተኛ ምድር፣ አርሆ ከተባለው የጨው ሜዳ እየተቆረጠ፣ በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ዳገቱን ወጥቶ ወደ ትግራይ፣ ከዚያም በሰቆጣ በኩል ወደ ላስታና ወደ በጌምድር ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አገራችንን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው በመላ አገሪቱ እንደ ገንዘብ ሲያገለግልና ከመነሻው በራቀ ቁጥር ዋጋው ሲጨምር አይቶ ጽፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጣና ዳር የነበረው የይፋግ ገበያ ነጋዴ የሚጎርፍበት ትልቅ ቦታ ነበር። ራስ ጉግሣ የቆረቆሩት፣ የራስ ዓሊና የዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫ የነበረው ደብረ ታቦርም በዚያ ዘመን ማርትሬዛና አሞሌ ጎን ለጎን የሚመነዘሩበት አገር ነበር። አሞሌ ለመመንዘሪያነት እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርት ዓመታት ድረስ ቆይቷል።

ይህን ታሪክ በኩራት ስናወራ የምንዘነጋው ነገር አለ። ጨው ገንዘብ በነበረበት አገር ድሃ ሴት ወጧን የምታጣፍጠው ገንዘቧን እየፈጨች ነበር። ከአርሆ እስከ እኛ ድረስ ባለው መንገድ ላይ በየኬላው ቀረጥ፣ በየገበያው ትርፍ ይጨመርበታል። እዚህ ሲደርስ ውድ ነው። ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ ደግሞ አሞሌው አዮዲን አልነበረውም ማለት ይቻላል፤ የድንጋይ ጨው በተፈጥሮው የያዘው አዮዲን ለጤና የሚበቃ አይደለም። የባሕር ጨውም ቢሆን በፀሐይ ሲደርቅ የሚቀርለት ጥቂት ነው። ስለዚህ ጨው በራሱ መድኃኒት አልነበረም፤ መድኃኒት መሸከሚያ እንዲሆን ሰው ሊያስብበት ይገባ ነበር።

ያንን ያሰቡት እንደኛ ተራራ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1811 በርናር ኩርቷ የተባለ ፈረንሳዊ ለባሩድ የሚሆን ንጥረ ነገር ከባሕር ሣር አመድ ሲያወጣ አዮዲንን አገኘ። በ1820 የጄኔቫው ሐኪም ዣን ፍራንሷ ኳንዴ ለእንቅርት በሽተኞች ሰጠው፤ ብዙዎቹ ተሻላቸው፣ መጠኑ የበዛባቸው ግን ታመሙ፤ ሐኪሞችም ፈሩ። አንድ ምዕተ ዓመት አለፈ። በዚያ ጊዜ ስዊዘርላንድ እንቅርት የሞላባት፣ በየሸለቆው መስማትና መናገር የተሳናቸው ልጆች የሚወለዱባት አገር ነበረች። በ1918 ኦቶ ባያርድ የተባለ የገጠር ሐኪም እጅግ ጥቂት አዮዲን በጨው ላይ እየደባለቀ ለተራራ መንደር ቤተሰቦች ማደል ጀመረ። ሕፃናቱም አዋቂዎቹም ሳይታመሙ እንቅርቱ ቀነሰ። በ1922 አፐንዘል በተባለው ክፍለ ግዛት አዮዲን ያለው ጨው በይፋ ለገበያ ቀረበ፣ በ1924 አሜሪካ ተከተለች። ዛሬ ስዊዘርላንድ ሄዶ እንቅርት ያለበት ልጅ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ጉዳዩ የአንገት ብቻ ሳይሆን የጽንስ መሆኑን በማያጠራጥር መንገድ ያሳየችው ግን ሌላ ተራራማ አገር፣ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ናት። እ.ኤ.አ. በ1966 በደጋው ሸለቆ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ለእኩሌቶቹ አዮዲን ያለበት ዘይት በመርፌ ተሰጠ፣ ለእኩሌቶቹ ደግሞ አልተሰጠም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲቆጠር፣ ካልተሰጣቸው እናቶች ከተወለዱት 534 ልጆች 26ቱ አእምሯቸውና አካላቸው በእጥረቱ ክፉኛ የተጎዳ ነበሩ። ከተሰጣቸው እናቶች ከተወለዱት 498 ልጆች የተጎዱት 7 ብቻ ነበሩ። ከሰባቱ ልጆች የስድስቱ እናቶች መርፌውን ሲወጉ አስቀድመው ነፍሰ ጡር ነበሩ። እኔ ስለዚህ ጉዳይ ካነበብሁት ሁሉ እንደዚህ ቁጥር ያስደነገጠኝ የለም። መድኃኒቱ ደርሷቸው ነበር፤ የዘገየው በጥቂት ሳምንታት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በደርግ ዘመን የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች ከትግራይና ከኤርትራ በቀር በየክፍለ ሀገሩ ዞረው አንገት መርምረዋል። ካዩዋቸው ከ35 ሺህ በላይ ተማሪዎች 30.6 በመቶው እንቅርት ነበረባቸው፤ ሴቶች ከወንዶች በልጠው ተገኝተዋል። ውጤቱ በዓለም አቀፍ የሳይንስ መጽሔት የታተመው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው።

በዚያ ዘመን የአገሪቱ ጨው በብዛት የሚመጣው ከቀይ ባሕር ዳር፣ በተለይም ከአሰብ ነበር፤ አዮዲን መጨመርም እዚያው ተጀምሮ ነበር። ጨው በጥቂት ትልልቅ ማምረቻዎች ሲያልፍ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሁሉም በአንድ በር ይወጣል፣ በዚያው በር ላይ አዮዲን ይጨመርበታል። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር የተነሣው ጦርነት ግን ያንን በር ዘጋው። ስለዚያ ጦርነት ስናስብ የምናስበው የሞቱብንን ልጆች ነው፣ ይገባልም። ጨዋችን መቀየሩን ግን ማን አስተዋለ?

አገሪቱ ፊቷን ወደ አፍዴራ ሐይቅ አዞረች። አፍዴራም አፋር ውስጥ ነው። የሐይቁ ጨዋማ ውኃ ወደ ኩሬ እየተሳበ በፀሐይ ይደርቃል። አምራቾቹ ብዙና ትንንሽ፣ ቦታው በረሃ፣ ሙቀቱ የማይቻል ነው። አዮዲን ለመጨመር በተሞከረ ጊዜ በጀርባ በሚታዘል መርጫ በክምሩ ላይ ይረጭ ነበር፤ አንዱ ጥግ ይበዛበታል፣ ሌላው ጥግ ምንም አይደርሰውም። አብዛኛው ጨው ያለ አዮዲን ወደ ገበያ ወጣ። ገበያ ላይ ስናየው ነጭ ነው፣ ይጣፍጣል፣ ዋጋውም ደህና ነው፤ በዓይንም በምላስም የጎደለው አይታወቅም።

በ1997 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተደረገው ጥናት የዚያን ጊዜ ውጤት አሳየ። አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ ቤቶች በአራቱ ብቻ ነበር። ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ወደ 11 ሺህ የሚጠጉ ሴቶች 35.8 በመቶው እንቅርት ነበረባቸው፤ አጥኚዎቹ በአገር ደረጃ ሲያሰሉት ከ6 ሚሊዮን ሴቶች በላይ ማለት ነው። እንቅርት ያለባቸው ሴቶች ጽንስ ከሌሎቹ ይልቅ ይጨነግፍባቸው ነበር። ከአሥር ሴቶች ዘጠኙ ደግሞ የእንቅርትን መንሥኤም ሆነ የአዮዲን ጨውን ጥቅም አያውቁም ነበር። ይህን የመጨረሻውን ቁጥር ሲያነቡ «ሴቶቹ አልተማሩም» የሚሉ አሉ። ማን ነገራቸው? ጨው ሻጩም አያውቅም፣ ገዢዋም አታውቅም፤ የሚያውቁት ጥቂት ባለሙያዎች ነበሩ፣ እነርሱም ለዓመታት ጽፈዋል።

በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 204 ወጣ። አዮዲን የሌለውን ጨው ለሰው ምግብ ማቅረብ ተከለከለ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች 15 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ግን ወደ 89 በመቶ ከፍ አሉ። በአምስት ዓመት እንዲህ የተለወጠ ነገር በአገራችን ብዙ አይገኝም። ዩኒሴፍና ሌሎች ድርጅቶች አዮዲኑን በማቅረብና በማሽን ረድተዋል። ግን «አዮዲን አለው» እና «በቂ አዮዲን አለው» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መጠኑ በተለካበት ጊዜ በቂ ሆኖ የተገኘው ከግማሽ በታች ነበር፤ የቀረው ጥቂት ብቻ የነካው ነው። በ2006 ዓ.ም. ገደማ ለኅትመት በበቃ አንድ ጥናትም በጎንደር አካባቢ በላይ አርማጭሆ ከሦስት ልጆች ከአንድ በላይ እንቅርት ተገኝቶበታል።

ደንቡ በሥራ ላይ መዋል በጀመረበት ጊዜ በክልላችን የተሠራ አንድ ጥናት አለ፤ ከእኛ ብዙ ሰው የሚያውቀው አይመስለኝም። የካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር በአማራ ክልል 60 ወረዳዎችን መርጠው በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። በእኩሌቶቹ አዮዲን ያለው ጨው ቀደም ብሎ በገበያ እንዲገኝ ተደረገ፤ በሌሎቹ በተለመደው ጊዜ እንዲደርስ ተተወ። ከዚያ ሕፃናትን መዘኑ፣ እንዴት እንደሚያስተውሉና እንደሚረዱ ፈተኑ። ጨው ቀድሞ በደረሰባቸው አካባቢዎች ያሉ ሕፃናት የተሻለ ውጤት አመጡ፤ እናቶቻቸው ከመፀነሳቸው በፊት ጨውን መብላት የጀመሩትም ጥቅሙን አግኝተዋል። ፓፑዋ ኒው ጊኒ የታየው ነገር፣ በመርፌ ሳይሆን በወጥ ጨው፣ እዚሁ በእኛው ክልል ታየ ማለት ነው።

የቀረው ጉዳይ የጓዳ ጉዳይ ነው። አዮዲን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በእሳት ይባክናል። ጨውን ከማብሰላችን በፊት የማጠብ ልማድ ያለን እንታቀብ፤ የታጠበው ጨው አዮዲኑን ከውኃው ጋር ይደፋል። ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከምድጃ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ይሻላል። ጨውን ከበርበሬ ጋር አስፈጭተን ለወራት የምናስቀምጥ ደግሞ ወጡ ላይ የምንጨምረውን ጨው ከታሸገው ብናደርግ ጥሩ ነው። መጠኑን ማብዛት ግን አያስፈልግም፤ ጨው ሲበዛ ለደም ግፊት መጥፎ ነው።

በሐሙስ ገበያ ጨው ሁለት ዓይነት ሆኖ ይቀርባል። አንዱ በፌስታል የታሸገ፣ አዮዲን አለው ተብሎ የተጻፈበት ነው። ሌላው ለከብት ተብሎ በጆንያ ወይም በአሞሌ የሚሸጠው፣ ረከስ የሚለው ነው። ለላሚቱ የተገዛው ተርፎ ወጥ ውስጥ የሚገባባቸው ቤቶች አሉ። ቸርቻሪ የሆናችሁ እህቶቼ ሁለቱን ጨው በአንድ መስፈሪያ ባትሰፍሩ፣ ገዢዋም «ለማን ነው?» ተብላ ብትጠየቅ ጥሩ ይመስለኛል። አዲስ ያገቡና ሊያገቡ ያሉ ልጆቻችን ጨዋቸውን ከወዲሁ ይለዩ፤ ከፀነሱ በኋላ የሚጀመረው፣ ባይጠቅም እንኳ ባይባልም፣ የዘገየ ነው። የሚጠራጠር ጨው ካለ በትንሽ ብልቃጥ የሚመጣ መመርመሪያ አለ፤ ስታርች ያለበት ፈሳሽ ነው። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ዘንድ ሲገኝ ከየቤታችን አንድ ቁንጥር ጨው ይዘን መሄድ እንችላለን፤ አንድ ጠብታ ሲያርፍበት አዮዲን ያለው ጨው ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፣ የሌለው ነጭ እንደሆነ ይቀራል።